ዘፈኑ ተገኘ፤ ዘፋኙስ?

ጋላክሲ 500 የተባለው የአሜሪካ ባንድ ዕድሜው አጭር ነበር። በ1987 ማሳቹሴትስ ውስጥ ተመሠረተ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፤ ሦስት አልበም አወጣ፤ በ1991 ተበተነ። ድምፃዊው ዲን ዌርሃም፣ ከበሮ መቺው ዴሞን ክሩኮውስኪና ቤዝ ጊታር ተጫዋቿ ናኦሚ ያንግ ከዚያ በኋላ በሌሎች ባንዶች ሙዚቃውን ቀጠሉበት። ባንዱን የማይረሱት ጥቂት ግን ጽኑ አድማጮች ነበሩ፤ እነሱም ቢሆኑ «ስትሬንጅ» የተባለውን ዘፈን ለይተው የሚያነሡበት ምክንያት አልነበራቸውም። «ስትሬንጅ» በ1989 በወጣው «ኦን ፋየር» አልበም ውስጥ ከሌሎቹ ጋር የተቀመጠ ዘፈን ነው፤ በነጠላ ዜማነት ወጥቶ አያውቅም። ከ2017 መጀመሪያ ወዲህ ግን ስፖቲፋይ በተባለው የሙዚቃ ማዳመጫ አገልግሎት ላይ ከባንዱ ዘፈኖች ሁሉ ቀድሞ ብቻውን ገሰገሰ። ነገሩ የገረመው ክሩኮውስኪ ምክንያቱን ሲያፈላልግ መልሱን ያገኘው የስፖቲፋይ ባልደረባ ከነበረው ከግሌን ማክዶናልድ ነው። በጥር 2017 ኩባንያው አንድ አልበም ወይም ዝርዝር ሲያልቅ ተመሳሳይ ዘፈን እያከታተለ የሚያጫውተውን አሠራር አድማጩ ሳይጠይቅ በሁሉም ዘንድ እንዲበራ አድርጎ ነበር። ዘፈን የሚመርጠው የኮምፒውተር መሣሪያ ሌላ ባንድ ሲያዳምጥ ለቆየ ሰው የሚያስከትለው የጋላክሲ 500 ዘፈን ሲፈልግ «ስትሬንጅ»ን መረጠ፤ ምክንያቱም ከባንዱ ሥራዎች መካከል የሌሎች ባንዶችን ዘፈን ይበልጥ የሚመስለው እሱ ነበር። ክሩኮውስኪ ይህን በ2018 ጽፎ አወጣው።

ያልታወቀ ዘፋኝን የማግኘት ልማድ የራሱ ታሪክ አለው፤ ዛሬ ያ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚነገረው እንደ ነጻነት ታሪክ ነው። ድሮ በር ጠባቂዎች ነበሩ፣ የሬዲዮ ሰዎች፣ የሸክላ ነጋዴዎች፣ ጋዜጠኞች፤ አሁን በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል፣ አድማጩም የሻውን ያገኛል ይባላል። እኔ ማስረጃው የሚያሳየው ሌላ ነው ባይ ነኝ። አገናኝ የሌለበት ዘመን አልነበረም፤ ዛሬም የለም። የተለወጠው አገናኙ የሚያመጣልን ነገር ነው። የቀድሞው አገናኝ፣ ከነጉድለቱ፣ የሚያስተዋውቀው ዘፋኝን ነበር። የዛሬው የሚያቀርበው አንድ ዘፈን ነው፤ ያም ዘፈን የሚመረጠው የዘፋኙን ማንነት ስለሚገልጽ ሳይሆን የሌላውን ስለሚመስል ነው።

ጋላክሲ 500 የሚመደብበት ኢንዲ ሮክ፣ ከትልልቅ ኩባንያዎች ውጪ የሚሠራው ሮክ፣ ከዜማው በፊት በንግዱ ነው የተወለደው። በጥር 1977 ባዝኮክስ የተባሉ የማንቸስተር ወጣቶች 500 ፓውንድ ያህል ተበድረው አራት ዘፈን የያዘች «ስፓይራል ስክራች» የተባለች ሸክላ በራሳቸው አሳታሚነት አወጡ። መጀመሪያ 1,000 ቅጂ ብቻ ታተመ፤ ያ አለቀና ሽያጩ በኋላ ወደ 16,000 ከፍ አለ። ራሳቸውን ችለው የሚያሳትሙ ሰዎች ከዚያ በፊትም ነበሩ፤ ባዝኮክስ የጨመሩት ድፍረት ነው። በሸክላው ሽፋን ላይ እያንዳንዱ ዘፈን በስንተኛው ሙከራ እንደ ተቀረጸ ሳይቀር ጽፈውበታል፤ ገዢው ሥራው እንዴት እንደ ተሠራ እንዲያውቅና ከፈለገም የራሱን እንዲሞክር። ሸክላው ተጭኖ ቢያልቅ ግን ማን ያከፋፍለዋል? ጄፍ ትራቪስ በ1976 በምዕራብ ለንደን የከፈተው ራፍ ትሬድ የተባለ ሸክላ ቤት የመጣው እዚህ ላይ ነው። ሱቁ ቀስ በቀስ አከፋፋይም አሳታሚም ሆነ፤ በሌሎች የእንግሊዝ ከተሞች ካሉ መሰል ሱቆች ጋር ተጣምሮ ከትልልቆቹ ኩባንያዎች እጅ ውጪ የሆነ የራሱን መንገድ ዘረጋ። በጥር 1980 የእነዚህ ሸክላዎች ሽያጭ ለብቻው በደረጃ ይወጣ ጀመር። ደረጃው ውስጥ ለመግባት መለኪያው የዘፈኑ ድምፅ አልነበረም፤ ሸክላው በማን መኪና ተጭኖ በየት በኩል ሱቅ ደረሰ የሚለው ነበር። ስለዚህ በአንድ ዝርዝር ውስጥ የሬጌ፣ የፓንክና የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ተደባልቆ ይታይ ነበር። ከትልቁ ገበያ ያመለጠ ሁሉ እዚያ ይገናኝ ነበር፤ አንዱ ሌላውን መምሰሉን የሚጠይቅ አልነበረም።

ይህን ድብልቅ ወደ አድማጩ ቤት ያደርስ የነበረው ጆን ፒል ነው። ቢቢሲ ሬዲዮ 1 በ1967 ሲከፈት ጀምሮ በ2004 ፔሩ ውስጥ በድንገት እስኪያርፍ ድረስ በዚያው ጣቢያ ቆየ። ሸክላ በተሳሳተ ፍጥነት አጫውቶ ይቅርታ የሚጠይቅ፣ ከፓንክ ቀጥሎ የዚምባብዌዎቹን የቡንዱ ቦይስ ጊታር የሚያስከትል፣ በ1978 የአንደርቶንስን «ቲንኤጅ ኪክስ» ወድዶት ሁለት ጊዜ አከታትሎ ያጫወተ ሰው ነው። በሙዚቃ ታሪክ ውስጥ የእሱ ትልቁ ውለታ ግን የራሱ ጣዕም አይመስለኝም፤ «የፒል ሴሽን» የተባለው ሥርዓት ነው። ገና ስሙ ያልታወቀ ባንድ ወደ ቢቢሲ ስቱዲዮ ይጠራል፤ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ቀን አራት ዘፈን ቀርጾ ይወጣል፤ ቅጂው በፕሮግራሙ ይተላለፋል። በዚህ መልክ ከ4,000 በላይ ቅጂዎች ተሠርተዋል። አራት ዘፈን ትንሽ ይመስላል፤ ግን የአንድን ድምፃዊ መልክ ለማየት ይበቃል። አንዱ ፈጣን ነው፣ አንዱ ቀርፋፋ፣ አንዱ ገና ያልበሰለ፣ አንዱ ደግሞ ከአልበሙ ይልቅ እዚህ አምሮ የወጣ። አድማጩ ዘፋኙን ከነድካሙ ይተዋወቀው ነበር። ያልወደደው እንኳ ማንን እንዳልወደደ ያውቃል፤ ቅር ካለውም ደብዳቤ የሚጽፍለት አቅራቢ ነበረው።

ሬዲዮው ያስጀመረውን ሱቁና ካሴቱ ይጨርሱት ነበር። ሸክላ ውድ ነው፤ ብዙ ወጣት በወር አንድ ወይም ሁለት ቢገዛ ነው። ገንዘቡን ያወጣበትን አልበም አንዴ ሰምቶ መጣል ስለማይችል ደጋግሞ ይሰማዋል፤ የጠላው ሦስተኛ ዘፈን በሁለተኛው ወር የሚወደው ይሆናል። ይህን በድህነት ላይ የተለጠፈ ውዳሴ አድርጎ የሚያነብ አይጠፋም፤ እኔ የምለው ግን ስለ አሠራሩ ነው። ሽያጩ በአልበም ስለ ነበር ማንም ሰው በአንድ ዘፈን ተስቦ ቢመጣ እንኳ ከሌሎቹ ዘጠኝና ዐሥር ጋር አብሮ ይኖር ነበር። ለጓደኛ የሚቀዳው ካሴት ከዚህ ይለያል፤ እሱ ነጠላ ነጠላ ዘፈን ይለቅማል። ሆኖም በሽፋኑ ላይ የዘፋኙን ስም በእጁ የጻፈ ሰው አለ፤ ያ ሰው ነገ በመንገድ ሲገናኙት «ይህ ማን ነው? ሌላስ ምን አለው?» ተብሎ ይጠየቃል።

በዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያ ተቃውሞ ብርቱ ነው። ያ ዓለም ለማን ነበር? ለንደን ወይም ማንቸስተር ለሚኖር፣ እንግሊዝኛ ለሚሰማ፣ ከምሽቱ አራት ሰዓት በኋላ ሬዲዮ ለመክፈት ለሚችል። በአሜሪካ የዩኒቨርሲቲ ሬዲዮ ጣቢያዎች ተመሳሳይ ሥራ ይሠሩ ነበር፤ የእነሱም ሞገድ ከከተማው ዳርቻ ብዙ አያልፍም። የሚመርጡትም በአመዛኙ ነጭ ወንዶች ነበሩ፤ የመረጡትም ብዙ ጊዜ የሚመስላቸውን ነው። ከዚህ የከፋም አለ፤ ጥሩው አገናኝ ራሱ ይሸነፍ ነበር። እንግሊዛዊውን ዘፋኝ ኒክ ድሬክን ያህል ለዚህ ምስክር የሚሆን የለም። በ1969 እና በ1972 መካከል ሦስት አልበም አወጣ፤ በነሐሴ 1969 ለጆን ፒል ፕሮግራም ሳይቀር ቀርጿል። ከአልበሞቹ አንዱም በጊዜው ከጥቂት ሺህ ቅጂ በላይ አልተሸጠም፤ በኅዳር 1974 በ26 ዓመቱ ሞተ። ስሙን የሚያውቁት ሙዚቀኞችና ሸክላ ሰብሳቢዎች ሆነው ሩብ ክፍለ ዘመን አለፈ። ከዚያ በ1999 መገባደጃ ላይ ቮልስዋገን ለአንዲት ክፍት መኪናው በሠራው የቴሌቪዥን ማስታወቂያ የድሬክን «ፒንክ ሙን» ዘፈን ተጠቀመ፤ በጥቂት ወራት ውስጥ ዘፋኙ በሕይወት ሳለ ያላየው ገበያ ተከፈተ። ታዲያ የመኪና ማስታወቂያ ያደረገውን ፒል ካላደረገው የድሮውን አገናኝ ማሞገስ ምን ይጠቅማል?

ተቃውሞው ግማሹ ትክክል ነው፤ ግማሹን ልቀበል። የድሮው በር ጠባብ ነበር፤ በሱ ሳይገቡ የቀሩትን ማንም ሊቆጥር አይችልም። ዛሬ አንድ የገጠር ከተማ ወጣት በስልኩ የሚደርስበትን ሙዚቃ ያኔ ራፍ ትሬድ ሱቅ ውስጥ የሚሠራ ሰው እንኳ አያገኘውም ነበር። የማልቀበለው የኒክ ድሬክን ታሪክ ለዛሬው መሣሪያ ምስክር አድርጎ መጥራትን ነው። ያን ዘፈን ለማስታወቂያው የመረጡት የኒክ ድሬክን አልበም የሚያውቁ ሰዎች ናቸው፤ የመረጡትም ሌላ ዘፈን ስለሚመስል አልነበረም። በ2000 ደግሞ በማስታወቂያው የተሳበ ተመልካች ዘፈኑን ለማግኘት የነበረው ዋና መንገድ አልበሙን መግዛት ነው። «ፒንክ ሙን» ግማሽ ሰዓት እንኳ የማይሞላ፣ ከአንድ የፒያኖ ጣልቃ በቀር ድምፅና ጊታር ብቻ ያለበት አልበም ነው። ገዢው የወሰደው ሰውየውን እንዳለ ነው፤ ከዚያም ወደ ቀደሙት ሁለት አልበሞች ሄደ። ንግድ ነው ያገናኛቸው፤ ግን ሙሉ ትውውቅ ነበር።

የማሽኑ ዘመን ሲጀምር ሰውን ፈጽሞ አላስወጣም። ፓንዶራ የተባለው የኢንተርኔት ሬዲዮ በ2000 የተነሣበት የሙዚቃ ዘረመል ፕሮጀክት ሙዚቃ የተማሩ ሰዎችን ቀጥሮ እያንዳንዱን ዘፈን እስከ 450 በሚደርሱ መለያዎች ያስመዝግብ ነበር፤ የድምፃዊው አወጣጥ፣ የጊታሩ መዛባት፣ ምቱ፣ ቅኝቱ። ዘፈንን ከዘፋኙ ነጥሎ በባሕርይ መለየት የተጀመረው እዚህ ነው ማለት ይቻላል፤ የሚመዘግበው ጆሮ ግን የሰው ነበር። በ2005 ከኤምአይቲ የወጡ ሁለት ተመራማሪዎች ያቋቋሙት ኤኮ ኔስት ይህን ሥራ ለኮምፒውተር ሰጠው፤ መሣሪያው የድምፁን ፋይል ይተነትናል፣ ሰዎች ስለ ሙዚቃ በየድረ ገጹ የሚጽፉትን ያነብባል። ስፖቲፋይ በ2014 ኤኮ ኔስትን ገዛ፤ በሐምሌ 2015 በየሰኞው ሠላሳ ዘፈን የሚያቀርበውን «ዲስከቨር ዊክሊ» ጀመረ። ዋናው ዘዴው ቀላል ሐሳብ ነው። በሚሊዮን የሚቆጠሩ ሰዎች በሠሯቸው ዝርዝሮች ውስጥ የትኞቹ ዘፈኖች ጎን ለጎን ተቀምጠው እንደሚገኙ ያያል፤ አንዱን የወደደ ጎረቤቱንም ይወዳል ብሎ ይገምታል። መነሻው እንግዲህ የሰዎች ምርጫ ነው፤ ካሴት ይቀዱ የነበሩት ሰዎች ልጆች የሠሩት ዝርዝር ነው። ነገር ግን ድምሩ ሲሠራ የእያንዳንዱ መራጭ ምክንያት ይጠፋል። ሚስቱ ስለ ወደደችው ያስገባው፣ ለሐዘን የመረጠው፣ ለመንገድ የመረጠው ሁሉ አንድ ቁጥር ይሆናል፤ የሚተርፈው ቅርበት ብቻ ነው።

ቅርበት መለኪያ ሲሆን ምን እንደሚከተል የፔቭመንት ባንድ ታሪክ ከጋላክሲ 500 ይበልጥ ያሳያል። ድምፃዊው ስቲቨን ማልክመስ ከዘጠናዎቹ የአሜሪካ ኢንዲ ሮክ ዋና ዋና ሰዎች አንዱ ነው። «ሃርነስ ዩር ሆፕስ» የተባለው ዘፈን «ብራይተን ዘ ኮርነርስ» ለተባለው የ1997 አልበም ሥራ ሲሠራ ተቀርጾ አልበሙ ውስጥ ሳይገባ ቀረ፤ በ1999 በሌላ አነስተኛ ቅጂ ላይ ከተጨማሪዎቹ መካከል ወጣ። የባንዱ ወዳጆች የሚያውቁት፣ ሌላው ሰው የማያውቀው ዘፈን ነበር። ሙዚቃ በኢንተርኔት በሚደመጥበት በስትሪሚንግ ዘመን ግን ባንዱን በዘመኑ ታዋቂ ካደረጉት ዘፈኖች ሁሉ በልጦ አንደኛ ሆነ፤ በ2020 ደግሞ ቲክቶክ ላይ ወጣቶች እየጨፈሩበት ይበልጥ ገነነ። ባንዱ በ2022 እንደ ገና ተሰባስቦ ጉዞ ሲጀምር ዘፈኑን በመድረክ አቀረበው፤ በዚያው ዓመት አዲስ ቪዲዮ ተሠራለት። ክፉ ዘፈን አይደለም፤ እንዲያውም ማልክመስ ተጫዋች ግጥም ሲጽፍ ምን ያህል እንደሚያምርበት ያሳያል። ይሁንና ባንዱ ራሱ ከአልበሙ ያስቀረውን ሥራ መሣሪያው የባንዱ ፊት አድርጎ አስቀመጠው፤ ባንዱም ተከተለው። በር ጠባቂ የለም ለሚል ሰው ከዚህ የበለጠ ሥልጣን ያለው በር ጠባቂ ከወዴት ይምጣ? ፒል ፔቭመንትን ብዙ ጊዜ ወደ ስቱዲዮው ጠርቷል፤ የትኛው ዘፈናቸው ዋናው እንደሆነ ግን ለእነሱ አልወሰነላቸውም።

ለዚህ ተቃራኒ የሆነውን ምሳሌ ፍለጋ ከእኛው ቤት ወዲያ መሄድ አያስፈልግም። የዋልያስ ባንዱ ኃይሉ መርጊያ ኢንዲ ሮክ አልተጫወተም፤ የተገኘበት መንገድ ግን እዚሁ ክርክር ውስጥ ነው። በ1985 ዋሽንግተን ውስጥ አኮርዲዮንና ኪቦርድ እየተጫወተ ብቻውን አንድ ካሴት ቀረጸ፤ ካሴቱ አገር ቤት ተሸጠ፤ እሱ ታክሲ እየነዳ በአሜሪካ ቀረ። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ የአፍሪካ ካሴት ሰብሳቢ ያን ካሴት ኢትዮጵያ ውስጥ ከአንድ ሱቅ ገዛው፤ ወደደው፤ ባለቤቱን ፈልጎ ስልክ ደወለለት፤ በ2013 በራሱ አሳታሚነት እንደ ገና አወጣው። ከዚያ «ቼ በለው» የተባለው የቀድሞ አልበሙ እንደ ገና ታተመ፤ ኃይሉ በአውሮፓና በአሜሪካ መድረኮች ላይ ወጣ፤ በ2018 «ላላ በሉ» የተባለ አዲስ አልበም ሠራ። እዚህ ላይ ያገኘው ሰው ስም አለው፣ ስልክ ይደውላል፣ ይዋዋላል፣ ስህተት ከሠራም ተጠያቂ ነው። ይህን ሥራ የውጭ ሰው ስለ ሠራው የሚከፋ ይኖራል፤ ያ ሌላ ክርክር ነው፣ ለእሱም ቦታ አለው። ለአሁኑ የሚበቃን የተገኘው ሙዚቀኛው መሆኑ ነው፤ አንዱ ዜማ ብቻ ቢገኝ ኖሮ «ላላ በሉ» ባልተሠራ ነበር።

ሁለተኛው ተቃውሞ ደግሞ አድማጩን ይመለከታል። መሣሪያው አንድ ዘፈን ቢያቀርብም ሰው ስሙን ነክቶ የቀረውን ሊሰማ ይችላል፤ ሁሉም አልበም እዚያው አለ፣ ያውም ያለ ተጨማሪ ዋጋ። እውነት ነው፤ የሚያደርጉትም አሉ። በ1998 «ስትራቶስፊር» የተባለ አልበም ያወጣውና ከጥቂት ዓመታት በኋላ የተበተነው የካሊፎርኒያው ባንድ ዳስተር በስትሪሚንግ ዘመን ወጣቶች ደርሰውበት በ2018 ተመልሶ ተሰባሰበ፤ በቀጣዩ ዓመት አዲስ አልበም ሠራ። ስለዚህ መንገዱ ዝግ ነው አልልም። የምለው አሠራሩ ወደዚያ አይገፋም ነው። አንድ ዘፈን ሲያልቅ የሚከተለው የዚያው ዘፋኝ ሌላ ሥራ ሳይሆን የሌላ ዘፋኝ ተመሳሳይ ዘፈን ነው፤ ሰሚው ሥራ ላይ ነው፣ ወጥ ቤት ነው፣ ስልኩ ኪሱ ውስጥ ነው። ዘፈኑን ሃምሳ ጊዜ ሰምቶ ስሙን ሳያውቅ ሊኖር ይችላል። የድሮው ሸክላ ገዢ ይህን ቢፈልግም አይችልም ነበር፤ ስሙን ሳይጠራ አይሸጥለትምና።

የገንዘቡ ነገር ከዚህ አይነጠልም። ክሩኮውስኪ በ2012 ባወጣው ስሌት መሠረት በአንድ ሩብ ዓመት ውስጥ የጋላክሲ 500 «ታግቦት» ዘፈን ስፖቲፋይ ላይ 5,960 ጊዜ ተደምጦ ለሦስቱ ደራሲዎች በድምሩ 1 ዶላር ከ5 ሳንቲም አስገኘ። ይህ የድርሰት መብቱ ክፍያ ብቻ ነው፤ የቅጂው ባለቤት ለብቻው ይከፈለዋል፤ ቢሆንም መጠኑን ያሳያል። ከ2024 ጀምሮ ደግሞ ስፖቲፋይ ላይ ባለፉት 12 ወራት 1,000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ለቅጂው ባለቤት ምንም አያስገኝም። ባዝኮክስ የጀመሩበት 1,000 ቅጂ ብድሩን ለመክፈልና ሌላ ለማሳተም መነሻ ሆኗቸው ነበር። ኩባንያው የሚሰጠው ምክንያት አለው፤ ሳንቲሞቹ ተበታትነው ለማንም አይደርሱም፣ ቢሰበሰቡ ለሚሠሩት ይጠቅማሉ ይላል። ሊሆን ይችላል። ይሁንና ያልታወቀው ዘፋኝ በዚህ ሥርዓት ውስጥ እስኪታወቅ ድረስ በነጻ ይሠራል ማለት ነው፤ የሚታወቀውም በመሣሪያው ምርጫ ነው።

መሣሪያውም ዋጋ አለው። ስፖቲፋይ በኅዳር 2020 ይፋ ባደረገው «ዲስከቨሪ ሞድ» በተባለ አሠራር ዘፋኙ ወይም አሳታሚው አንድን ዘፈን ለይቶ ይበልጥ እንዲቀርብ መጠየቅ ይችላል፤ በምላሹ በዚያ መንገድ ከሚገኘው የቅጂ ክፍያ 30 በመቶው ለኩባንያው ይቀራል። በሬዲዮ ታሪክ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በ1959 የአሜሪካ ምክር ቤት የሬዲዮ አቅራቢዎች ከሸክላ ኩባንያዎች በድብቅ ገንዘብ እየተቀበሉ ዘፈን እንደሚያጫውቱ መመርመር ጀመረ፤ ሮክ ኤንድ ሮልን ለሕዝብ ካደረሱት አንዱ የሆነው አለን ፍሪድ በዚያው ዓመት ኅዳር ከሥራው ተባረረ። በ1960 የወጣው ሕግ ክፍያን ፈጽሞ አልከለከለም፤ የከለከለው ድብቅነትን ነው። ጣቢያው ለማጫወት ተከፍሎት ከሆነ ለአድማጩ በአየር ላይ መንገር አለበት። በሰኔ 2021 ጄሪ ናድለርና ሃንክ ጆንሰን የተባሉ የምክር ቤት አባላት ስለ «ዲስከቨሪ ሞድ» ለስፖቲፋይ የጥያቄ ደብዳቤ ጻፉ፤ ዘፋኞች ለመታየት ሲሉ ክፍያቸውን ለመቀነስ እየተሻሙ ሁሉም ከነበሩበት ዝቅ እንዳይሉ ሰጉ። ኩባንያው የሚመልሰው ዘፋኙ ከኪሱ አስቀድሞ ገንዘብ አያወጣም፣ አድማጩ ካልወደደውም ዘፈኑ አይገፋም ብሎ ነው። የ1960ው ሕግ ደግሞ የተጻፈው ለሬዲዮና ለቴሌቪዥን ጣቢያዎች እንጂ ለእንዲህ ያለው አገልግሎት አይደለም።